አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት

ልጅ ሆኜ መካነ ሰላም ዳቦ ቤት ስሠራ፣ ዘሃራ የምትባል ጨዋታ ወዳድ ባልደረባ ነበረችኝ። ሊጡ ኩፍ እስኪል አግዳሚው ላይ ሳንቀላፋ ነጠላዬን ከአግዳሚው ጋር ትቋጥርና "ተነሺ፣ አሠሪያችን መጡ" ትለኛለች። ደንግጬ ስነሳ ነጠላዬ ይጎትተኛል፣ እሷ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። አረብ አገር ከሄደች ወዲህ ግን ወሬዋ ጠፋ። እናቷ እንኳ ተስፋ ቆርጠዋል።

ባለፈው ትኩሳት የያዘውን ልጄን አሳክሜ ከአቀስታ ስመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ ፊቷን የሸፈነች ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። ልጄን አሁንም አሁንም ታየዋለች። ጨነቀኝና ሸፈንኩት።

"ወላሂ አልበላውም" አለች ቀስ ብላ።

"ታሞብኝ ነው እህቴ" ብዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

መካነ ሰላም ስንደርስ "ተነሺ፣ ደረስን" አለችኝ። ብድግ ስል ነጠላዬ ጎትቶ መልሶ አስቀመጠኝ። ከወንበሩ ብረት ጋር ተቋጥሯል።