ለሻለቃ ምስክር ፍለጋ፦ በኪስ ካሜራ ከሱሉልታ እስከ ሱባ ጫካ ሥር

አርብ፣ ንጋት 11፡30፣ ሱሉልታ

የሱሉልታ ብርድ ገና ከበር ስወጣ ጆሮዬን ያዘኝ። አስፋልቱ ጥቁርና እርጥብ ነው፤ የድንጋይ ጫኝ መኪኖች መብራት በጉሙ ውስጥ ቢጫ ሆኖ ይመጣና ያልፋል። በጃኬቴ የደረት ኪስ መዳፍ የምታህል ዲጂታል ካሜራ አለች። በየደቂቃው እዳስሳታለሁ።

በዚች ካሜራ የከተማውን ግማሽ ሰው ጉርድ ፎቶ አንስቼዋለሁ። «ቀና በል፣ አገጭህን ዝቅ፣ አትሳቅ» ማለት ነው እንጀራዬ። ዛሬ ግን የማነሳው ቀና በል ቢሉት የሚሰማ አይደለም። ቀበሮ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ ብርቄ ከሰበታ በላይ፣ ሱባ ጫካ ሥር ብቻዋን ትኖራለች። ብቻዋን ስል ከሻለቃ ጋር ማለቴ ነው። ሻለቃ ውሻዋ ነው፤ ቀላ ያለ፣ ጅራቱ ወፍራም፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ደጇን የሚጠብቅላት እሱ ብቻ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የጎረቤቷ የኦቦ ዳባ ሦስት ግልገሎች ተበሉ። የኦቦ ዳባ ምራት በጉም መሀል ቀላ ያለ ጅራት አየሁ አለች። ከዚያ በኋላ ጣት ሁሉ ወደ ሻለቃ ዞረ፣ ሽማግሌም ተቀመጠ። አክስቴ «ቀበሮ ነው» ብላ ማለች፣ ተገዘተች። «እንግዲያው እስከ እሁድ ምስክር አምጪ» አሏት። ካላመጣች ሻለቃ ይገደላል።

ትናንት ደወለችልኝ። «ሰው ለሰው እንጂ ለውሻ አይመሰክርም። ያቺ ካሜራህ ትመስክርለት» አለችኝ። እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪው ቢያልቅስ፣ ቀበሮው ባይመጣስ፣ ብዥ ቢልብኝስ ስል አደርኩ።

ጠዋት 2፡40፣ ቡራዩ

ከሱሉልታ እስከ አዲሱ ገበያ በሚኒባስ፣ ከዚያ ሁለት ታክሲ ቀይሬ ቡራዩ ገባሁ። መንገዱ ቁፋሮ በዝቶበት ስንንገጫገጭ ነው የደረስነው። ወደ ቡራዩ የመጣሁት ገመቹን ፍለጋ ነው። ገመቹ እንደ እኔ ጉርድ ፎቶ አንሺ ነው፤ የእሱ ካሜራ ከእኔዋ ጋር አንድ ዓይነት ነበረች፣ ወድቃ ሞተች። ባትሪዋ ግን ትሠራለች።

«ለውሻ ብለህ ነው ከሱሉልታ የመጣኸው?» አለና ሆዱን ይዞ ሳቀ። «በስልክህ አታነሳም እንዴ?»

«ስልኬ ከሃያ እርምጃ ወዲያ ያለውን ሁሉ ገንፎ ነው የሚያደርገው። ይቺ ዙም አላት» አልኩት።

ባትሪውን ከመሳቢያ አወጣ፣ በሸሚዙ ጠረገ። ከዚያ ሳቁን ትቶ እንደ ታላቅ ወንድም መከረኝ። «ፍላሹን አጥፋ። ድምፁንም አጥፋ። ሲመጣ ትንፍሽ እንዳትል። አንድ ጊዜ ከሰማህ አለቀልህ፣ ዓመት አይመለስም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?»

ይባላል። ምክሩን እንደ ባትሪው በኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ቀን 6፡10፣ ሰበታ

በአየር ጤናና በአለም ገና በኩል ሰበታ ደረስኩ። የፋብሪካ ሠራተኞች ለምሳ ወጥተው መንገዱን ሞልተውታል። አንዲት ምግብ ቤት ገብቼ የጾም በያይነት አዘዝኩ፤ ምስሩን ነካካሁት እንጂ አልበላሁም። አስተናጋጇ ሰሃኑን ስታነሳ «አልጣመህም?» አለችኝ። «ሐሳብ ነው» አልኳት። «እሱማ የሁላችንም ነው» ብላ ሄደች።

ወደ ላይ የሚወስደኝ የባጃጅ ሹፌር ካሜራዋን ስፈትሽ በመስታወቱ አየኝ።

«መሬት ልትለካ ነው?»

«ኧረ በፍጹም! ቀበሮ ላነሳ ነው።»

«ባለፈው የመጣውም ወፍ ነው የማነሳው ብሎ ነበር» አለኝ። ከዚያ እስክወርድ ድረስ በመስታወቱ ዓይኑን አልነቀለብኝም። ይኸው፣ ገና ሳልጀምር ተጠርጣሪ ሆንኩ ብዬ አሰብኩ።

አክስቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ከስታለች። ሻለቃ በአጥሩ ጥግ በገመድ ታስሯል፤ ሽማግሌዎቹ እስኪፈረድ ይታሰር ብለዋል። ሲያየኝ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ድምፁ ሰልሏል።

«ሁለት ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ነው» አለች። «ሰፈሩ ሰልችቶታል። አሁን ቢጮህ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።»

ከሰዓት በኋላ ለልምምድ ወደ ጫካው ጠርዝ ወጣሁ። ከጥዱ ላይ ጉሬዛዎች ነበሩ። ሌንሱ «ዚዝ» እያለ እስኪወጣ፣ ካሜራዋ አይቼዋለሁ እስክትል፣ ጉሬዛው ሌላ ዛፍ ላይ ነው። አሥራ አንድ ፎቶ አነሳሁ፤ ሰባቱ ቅርንጫፍ፣ ሦስቱ ጅራት፣ አንዱ የገዛ ጣቴ። እንግዲህ ለሻለቃ የመጣለት ጠበቃ ይህ ነው።

ስመለስ ኦቦ ዳባ ከደጃቸው ጠሩኝ። ልጅ ሆኜ ክረምቱን እዚህ ስከርም ከልጆቻቸው ጋር ከአንድ ትሪ በልቻለሁ። «አካም ጂርታ?» ብለው ሰላም እያሉኝ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ስለ ውሻው አላነሱም። «እናትህ ደህና ናት? ሱሉልታ ብርዱ እንዴት ነው?» ብቻ አሉኝ። እንዲያውም ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ንጋት 12፡20፣ ከጭድ ክምሩ ጀርባ

ጉሙ ከጫካው እየወረደ ነው። ከክምሩ ጀርባ፣ የኦቦ ዳባ በረት ከሚታይበት፣ በተበተነው ጭድ ላይ በሆዴ ተኝቻለሁ፤ ሱሪዬ እስከ ጉልበት በጤዛ ርሷል። ካሜራዋን በእጄ አሙቃታለሁ፣ ብርድ ባትሪ ይበላል። የኦቦ ዳባ ምራት በረቱን ከፍታ በጎቹን ለቀቀችና ወደ ቤት ተመለሰች።

በመጀመሪያ ያየሁት ጆሮ ነው። ሁለት ሹል ጆሮ ከቁጥቋጦው በላይ። ቀጥሎ አፍንጫ፣ ቀጥሎ ቀላ ያለ ጀርባ። ቀበሮ! ልቤ ከበሮ ሆነ። ፍላሹ ጠፍቷል? ጠፍቷል። ድምፁስ? እሱም። ዙሙን ሳብኩት።

አንድ። ብዥታ።

ሁለት። ቀበሮው አጥሩ ጋ፣ አንገቱን አስግጎ። አንዲት ግልገል ከእሱ አሥር እርምጃ ራቅ ብላ ሣር ትግጣለች።

ሻለቃ ገመዱን ወጥሮ በዚያ በሰለለ ድምፁ መጮህ ጀመረ። ከማንም ቤት ሰው አልወጣም።

ሦስት። ሻለቃም፣ ቀበሮውም፣ ግልገሏም በአንድ ፎቶ ገቡልኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። ግን የቀበሮው ፊት በጎን ነበር፤ እሱም ውሻ ነው ቢሉስ? አንድ ልጨምር አልኩ። የባትሪው ምልክት ቀይ ሆነ፤ የገመቹን ለመቀየር ጊዜ የለም። ትንፋሼን ያዝኩ።

አራት። ቀበሮው ግልገሏን አንገቷ ላይ ይዟታል።

አምስት። ጭራና ጉም ብቻ።

ከጭዱ ላይ ዘልዬ ተነሳሁ። «አገኘሁት! አክስቴ፣ አገኘሁት!» እያልኩ ወደ ቤት ሮጥኩ። አክስቴ እልል ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፣ ሁለታችንም አለቀስን። ከወዲያኛው ቤት የኦቦ ዳባ ምራት ጩኸት የተሰማው ያኔ ነው።

እሁድ፣ ጠዋት 4፡00፣ ወፍጮ ቤቱ ደጅ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስቱ ሽማግሌዎች የወፍጮ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ኦቦ ዳባ ከጎናቸው ናቸው። ሰዉ ነጠላውን እንደለበሰ ከቧል። ካሜራዋን ለትልቁ ሽማግሌ ሰጠሁ። መነጽራቸውን አውልቀው፣ መልሰው አድርገው፣ በነጠላቸው ጥላ ሠርተው አዩ።

«ዋንጎ ነው» አሉ። «ቀበሮ ነው፣ ጥርጥር የለውም። ውሻው ታስሮ ነው ያለው። ሻለቃ ነፃ ነው፣ ይፈታ።»

አክስቴ መሬት ሳመች። ከሁለት ቀን ጭንቀት በኋላ ትከሻዬ ሲቀለኝ ተሰማኝ። ሰዉ ካሜራዋን እየተቀባበለ «ይቺ ሚጢጢ?» እያለ ሲደነቅ፣ እውነቱን ልናገር፣ ኩራትም ነካክቶኝ ነበር።

ኦቦ ዳባ ካሜራዋን ተቀበሉ። የቀስት ቁልፏን እየተጫኑ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደፊት፣ ወደኋላ።

«እዚህ ላይ ውሻው እየጮኸ ነው» አሉ።

«አዎ፣ ኦቦ።»

«ግልገሏ ገና ሣር ትግጣለች።»

«አዎ።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«ከጭዱ ኋላ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ጉሮሮህን አሞህ ነበር?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በዚህ ሰፈር ቀበሮ ያየ ሰው ይጮሃል። የማንም በግ ይሁን፣ የተጣላም ይሁን የተኳረፈ፣ ያየ ይጮሃል፤ የሰማ ይቀበላል፤ ሰው ሁሉ ዱላ ይዞ ይወጣል። ሕፃንም ያውቀዋል። እኔም በልጅነቴ ስንት ጊዜ ጮኼአለሁ። ቀበሮ ፈሪ ነው፤ አንድ «ሃይ!» ብል ኖሮ ግልገሏ ዛሬ በሕይወት በኖረች ነበር።

«እኔ ነኝ የላክሁት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች አክስቴ።

«ጭዱ ላይ የነበረው እሱ ነው» አሉ ኦቦ ዳባ፤ ቁጣ የለባቸውም። «ውሻ በበላበት ይጮሃል። ይኸው ታስሮም ጮኸ። አንተስ? እኔ ቤት አልበላህም?»

መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። ግልገሏን እተካለሁ ማለት ጀመርኩ፤ ኦቦ ዳባ በእጃቸው አስቆሙኝ። «በግ አልጠየቅሁህም።»

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። ትልቁ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ። «ሳትሄድ እዚያው ጭዱ ጋ ትቆማለህ» አሉኝ። «ያስቀረኸውን ጩኸት ትጮሃለህ። ሰፈሩ ድምፅህን ይወቀው።»

ቀልድ መስሎኝ ዙሪያዬን አየሁ። የሳቀ የለም።

5፡15፣ ጭዱ ጋ

ቦርሳዬን አንግቻለሁ። ባጃጁ ታች መንገዱ ላይ ይጠብቀኛል፤ ያው «መሬት ልትለካ ነው?» ያለኝ ልጅ ነው፣ አንገቱን አውጥቶ ያያል። ሻለቃ ከገመዱ ተፈትቶ እግሬ ሥር ቆሟል።

የመጀመሪያው ጩኸት እንደ ሳል ነው የወጣልኝ። ኦቦ ዳባ ከሩቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ሆዴን ሞላሁ። «ሃይ! ቀበሮ! ሃይ! ያዘው! ያዘው!»

ከኮረብታው ማዶ አንዲት ሴት ተቀበለችኝ። ከእሷ ወዲያ ሌላ፣ ከሌላው ወዲያ ሌላ፣ እስከ ጫካው ድረስ። ወፍጮ ቤቱ ያልነበሩ፣ ስለ ፍርዱ ምንም ያልሰሙ ሰዎች ከየቤታቸው ወጡ። ዱላ የያዘ አለ፣ አካፋ የያዘ አለ፣ ጫማ ሳያደርግ የወጣ አለ። ሻለቃ ሁሉንም ቀድሞ በአጥሩ በኩል ተወረወረ።

መጀመሪያ የደረሰው የማላውቀው ጎልማሳ ነው። ነጠላውን ወገቡ ላይ አስሮ፣ ደረቱ እየወጣ እየገባ፣ ክንዴን ጨበጠኝ።

«የታለ? በየት ሄደ?»

ከኋላው ሌሎቹም እየደረሱ ነው። ሁሉም አፍ አፌን ያያሉ።

«ትናንት ነበር» አልኩት።