ጉልባን በሐዘን ቤት

እናቴ የሞተችው በዐቢይ ጾም አጋማሽ ነው። በጸሎተ ሐሙስ ዋዜማ ስንዴና የባቄላ ክክ ስዘፈዝፍ፣ ለልቅሶው ከሐረር መጥታ እኛው ዘንድ የሰነበተችው አክስቴ አየችኝ።

"ምን ልትሠሪ ነው?"

"ጉልባን።"

"የእናትሽ አርባ ሳይወጣ? ሰው ምን ይላል!"

"የፈለገውን ይበል" አልኳት።

እናቴ በየዓመቱ ጉልባን ቀቅላ ሳቢያን ሰፈር ላለው ግቢያችን ሁሉ ታድል ነበር። ጉልባን ደግሞ የጌታ ሕማም የሚታሰብበት እንጂ የድግስ ምግብ አይደለም። ያዘነ ቤት ካልቀቀለው ማን ሊቀቅለው ነው?

በማግስቱ አክስቴ ክብሪቱን ደበቀችብኝ። ከሱቅ ሌላ ገዝቼ ከሰሉን አቀጣጠልኩ። በዚያ ሙቀት ላቤ እየተንጠፈጠፈ፣ እህሉ እስኪበስል ከምድጃው አጠገብ አልተነሳሁም።

ከሰዓት በኋላ ሙስሊሟ ጎረቤታችን ሳህን ይዛ በራችን ላይ ቆመች።

"ዘንድሮ እንኳ ሐዘን ላይ ነን" አለቻት አክስቴ።

"አውቃለሁ አቦ፤ ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት።"

ሳህኗን ሞልቼ ሰጠኋት። ወደ ቤቷ አልተመለሰችም፤ እናቴ ትቀመጥበት የነበረው ዱካ ላይ ቁጭ ብላ እዚያው በላች። አክስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ለቀጣዩ ጎረቤት መጨለፌን ቀጠልኩ።