የታመመው ክንድ ወደ አርብ ገበያ

ወገዳ፣ ዓርብ ጎሕ ሲቀድ

አውቶብሱ ሞተሩን ሳያሞቅ እታለም ትርንጎ መናኸሪያ ደርሳለች። ታላቅ እህቴ ናት። በካንሰር ምክንያት ጡቷን በቀዶ ሕክምና ካስወጣች ወዲህ በሽታው እንዳይመለስ በየቀኑ ክኒን ትውጣለች። ክኒኑ መገጣጠሚያዋን ሰቅዞ ይይዛታል፤ ሌሊት ገላዋን ያነደዋል፤ እንዝርት ማሾር እንኳ አቅቷት ነበር። አምና የአርብ ገበያው ልጅ፣ ቻይና ተምሮ አዲስ አበባ የሚሠራው ሐኪም፣ ለኅዳር ሚካኤል አገሩ ሲገባ በደኅናው እጇና በእግሮቿ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መርፌዎች ሰክቶላት ሰነበተ። እታለም እንቅልፍ አገኘች። ፈተለችም፤ የለበስኩት ነጠላ የዚያን ጊዜ ፈትሏ ነው። ዘንድሮም መጥቷል ሲሉ ሰምተን ተነሣን።

መንገድ ላይ

መንገድ ከተባለ ነው። ክረምት የቦረቦረው ጉድጓድ፣ አቧራ፣ ግራና ቀኝ የሚታጨድ ጤፍ። አውቶብሱ በዘለለ ቁጥር ሰው ሁሉ በሁለት እጁ ወንበር ይጨብጣል፤ እታለም በአንድ እጇ።

«እናቴ፣ ደኅና አድርገው ይያዙ እንጂ!» አላት ሾፌሩ።

«ይበቃኛል፣ ልጄ።»

ነገሩ አላማረኝም፤ ነጠላዋን ገለጥኩት። ጡቷ በወጣበት በኩል ያለው ክንዷ እንደ ሞላ አቁማዳ ተወጥሯል። ቀልቷል፣ ይፋጃል። የምላጭ ብጣት ተደርድሮበታል። ዋግምት!

«ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?»

«ሐኪሙ ይመጣል አይመጣም ስል ሕመሙ ጠናብኛ። ዋግምት የሚያደርገው አያ ሙሉ፣ ‹መርፌው ደም ሳያወጣ እንዲያ ከበጀሽ፣ መጥፎው ደም ቢወጣልሽማ!› አለኝ። በጥቶ በቀንድ መጠጠልኝ።»

«ጡትሽ ሲወጣ ሆስፒታል በዚህ ክንድ መርፌ እንዳትወጊ አላሉሽም?»

«መርፌ አሉኝ እንጂ ምላጭ መቼ አሉኝ?»

ደሜ ፈላ። አያ ሙሉ አጠገቤ ቢሆን ያንን ቀንድ ከእጁ ነጥቄ ገደል በሰደድኩት ነበር። ግን ምን ይፈረዳል? ባለ መርፌው በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው፤ ባለ ምላጩ ጎረቤት ነው።

አርብ ገበያ

ገበያው ደርቷል። አህያ ከነጭነቱ ይጋፋል፣ ገብስ ይሰፈራል፣ ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ይሸጣል። ገዛሁላት፤ አልዋጥ አላት። ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል።

ሐኪሙ በእናቱ ግቢ ሕመምተኞች አስቀምጦ ነበር። እታለምን ሲያይ እየሳቀ ተነሣ፤ ክንዷን ሲያይ ሳቁ ጠፋ። ግንባሯን ዳሰሰ።

«ዛሬ መርፌ የለም። ክንድዎ አመርቅዟል፣ ትኩሳትም አለዎት። እኔ የክኒኑን ስቃይ አስታግሳለሁ እንጂ ይሄን አላድንም። አሁኑኑ ሆስፒታል ይሂዱ።»

«ስመለስስ?»

«ከበዓሉ ማግሥት እሄዳለሁ።» ዓይኑን ከዓይኗ አሸሸ።

እታለም ደኅናዋን እጇን ዘረጋችለት።

«ይቺኛዋስ ምንም አልሆነች። እሷን እንኳ ውጋልኝ፣ ልጄ። አንድ ሌሊት ልተኛ።»

ሐኪሙ እጇን በሁለት እጁ ያዛት። መርፌ ግን አላነሣም።

ነፋስ መውጫ

ሌላ መኪና፣ ያው አቧራ። እታለም ያቺን ደኅና እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ መዳፏን ወደ ላይ እንደከፈተች፣ ሆስፒታሉ በር ደረስን።