የሺሃረግ የማትቀምሰው ወጥ

የናዝሬት ባቡር ጣቢያ ሁለት ዓይነት ምግብ ነበረው። ውስጥ ቡፌው አለ፤ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ሹካ፣ ቀዝቃዛ ቢራ። እዚያ የሚገባው የአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪ ነው። የሦስተኛ ማዕረጉ መንገደኛ ግን ከወረደ ቦታው ይወሰድበታል፤ ስለዚህ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይጣራል። መጀመሪያ የሚጠይቀውም ዋጋ አይደለም። «የእስላም ነው የክርስቲያን?» ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ይዘው ዘጠኝ ዓመት አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ የሺሃረግና ዘሀራ። ሁለቱም አሰላ ተወልደው ያደጉ፣ ሁለቱም ባል የሞተባቸው ናቸው። በ1943 ዓ.ም. በስንዴ ጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠው አብረው ናዝሬት ወረዱ። የሺሃረግ የበግ ወጥ ለክርስቲያኑ፣ ዘሀራ የፍየል ወጥ ለእስላሙ፤ በእንጀራ ጠቅልሎ በመስኮት ማቀበል ነው። ባቡሩ ቢበዛ ሩብ ሰዓት ይቆማል። የተሳሳተ ሰው ሲመጣ «ያንተ እሷ ጋ ነው» ብለው ይቀባበሉታል።

አንዷ የሌላዋን ሥጋ አትቀምስም። ከሥጋው ጎን በሚሸጡት ምስር ወጥ ግን ይረዳዱ ነበር። በጾም ቀን የሺሃረግ እስከ ከሰዓት እህል በአፏ አይዞርምና የጠዋቱን ምስር ዘሀራ ትቀምስላታለች፤ በረመዳን ደግሞ የዘሀራን የሺሃረግ ትቀምሳለች። ዘሀራ አንድ ቀን እንኳ «ጥሩ ነው» ብላ አታውቅም። ወይ ጨው በዝቷል፣ ወይ ሽንኩርቱ አልበሰለም፣ ወይ እሳቱ ተቻኩሏል። የሺሃረግ ትቆጣለች፣ ታጉረመርማለች፣ ከዚያ ታስተካክለዋለች።

በዘጠነኛው ዓመት ጥቅምት ላይ ዘሀራ ደረቷን ታመመች። ልጇ ከዲጃ ከአሰላ መጥታ ወሰደቻት። ድስቷንና ጭልፋዋን የሺሃረግ ቤት ትታ «እስክመጣ» ብላ ሄደች። ሳምንት ሳይሞላ የጣቢያው ሹም ብቅ አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን የእስላም ምግብ የሚፈልገው መንገደኛ ጦሙን እያለፈ ነው፣ ወሩ ሲያልቅ ቦታውን ለሌላ ሴት እሰጣለሁ አላት።

የሺሃረግ በማግስቱ ሻንጣ ተሸካሚውን ከሊፋን ጠርታ ፍየል አሳረደች። በዘሀራ ድስት፣ በዘሀራ ጭልፋ ሠራችው። የነፍስ አባቷ፣ እስካልቀመስሽው ድረስ ሥራ ነው፣ ኃጢአት የለውም አሏት። ችግሩም እሱ ነበር። ጨውን በመዳፏ መጠነች፣ ሽንኩርቱን በድምፁ፣ ቅባቱን በዓይኗ። ከዚያ ለከሊፋ አቀመሰችው። ወላሂ ቆንጆ ነው አለ። በማግስቱም ቆንጆ ነው አለ። በሦስተኛው ቀን ሆን ብላ ጨው ነሳችው፤ እሱም ቆንጆ ነበር። ከዚያ ወዲያ ከሊፋን መጠየቅ ተወች።

እንዲህ አድርጋ ቦታውን አቆየችው። በዘሀራ በኩል ያለውን ወንበር ሌላ ሰው እንዳይቀመጥበት አገልግሏን ታስቀምጥበታለች። ባቡር ከሄደ በኋላ ግን የሚያነጋግራት የለም። አንዳንዴ ፊቷን ሳታዞር «ዛሬስ እንዴት ነው?» ትልና አገልግሉን ታያለች።

ኅዳር ሲገባደድ የፍየሉን ወጥ ክዳን ባለው ዕቃ አድርጋ፣ በጨርቅ ቋጥራ፣ የአሰላ አውቶቡስ ተሳፈረች። ዴራ ድረስ አቧራ ነው፤ ከዚያ በላይ ብርዱ ጀመረ። ሾፌሩ ቱፋ በመስታወቱ አያት።

«እትዬ የሺ፣ ወጥ ታቅፈው በረሃብ ሊሞቱ ነው?»

«የቀማሽ ነው» አለችው። «ላንተማ ብሰጥህ ክዳኑንም አትተውልኝ።»

ዘሀራ ከዲጃ ቤት፣ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ፊቷ አንሷል። ከዲጃ ወጡን አሙቃ አቀረበችላት። ዘሀራ ቢስሚላሂ ብላ አንድ ጉርሻ ጎረሰች፤ ቀስ ብላ አላመጠች። የሺሃረግ መልሷን በየተራ አዘጋጅታለች። ጨው ካለች በከሊፋ፣ ሽንኩርት ካለች በእርጥቡ እንጨት ልታሳብብ።

«ጥሩ ነው» አለች ዘሀራ።

«ጨዉስ?»

«ልክ ነው።»

«ሽንኩርቱስ? ደህና አድርገሽ ቅመሺው እንጂ።»

«ምንም አይጎድለውም፣ የሺ። እንዲሁ ሥሪው።»

የሺሃረግ የነጠላዋን ጫፍ መጠቅለል፣ መፍታት ያዘች። ተመልሳ ወንበሯ ላይ የምትቀመጥ ዘሀራ ብትሆን ይህን ወጥ እንዲህ በዋዛ አታልፈውም ነበር። ቢሆንም ጠየቀቻት፤ ድስቱን መቼ ላምጣልሽ አለች።

«እዚህ ምን ያደርግልኛል?» አለች ዘሀራ። «እዚያው ይሁን።»

ከዚያ ስለ ሳጉሬ ድንች፣ ስለ ከዲጃ ልጆች፣ ስለ ብርዱ አወሩ። ስለ ጣቢያው አላነሱም። የሺሃረግ ባዶውን ዕቃ ቋጥራ ተነሣች።

በማግስቱ የድሬዳዋው ባቡር ቆመ። ጥምጥም ያሰረ ሽማግሌ ከመስኮት አንገቱን አውጥቶ የማን እንደሆነ ጠየቀ። የእስላም ነው ብላ ጠቅልላ ሰጠችው። ቆማ ሲጎርስ አየችው።

«ጨዉ እንዴት ነው፣ አባባ?»

ሰውየው አፉ ሙሉ ስለሆነ ቆይ የሚል ምልክት በእጁ አሳያት። ባቡሩ ጮኸ፤ መስኮቱ መራቅ ጀመረ። ጥቂት እርምጃ ተከተለችው። ውጦ አንድ ነገር ተናገረ፤ የብረቱ ድምፅ ዋጠው።

የመጨረሻው ፉርጎ እስኪያልፍ ቆማ፣ ወደ ቧንቧው ሄደች፤ የዘሀራን ጭልፋ ለብቻው አጠበችው።