የእህቴ ቁስል

ታላቅ እህቴ ከተወለደች ጀምሮ ቆዳዋ ነጭ፣ ፀጉሯ የደረቀ ሣር የመሰለ ነበር። እናትና አባታችን ግን ጥቁሮች ናቸው። በአገራችን በመንጌ አካባቢ እንዲህ ሆኖ የሚወለድ ሰው አልፎ አልፎ ስለሚታይ ማንም ብዙ አይደነቅባትም፤ ሥራም አይቀርላትም። በበጋ ወንዙ ሲጎድል እንደ ሁላችንም ገበቴዋን ይዛ ወርቅ ልታጥብ ትወርዳለች። አሸዋውን በውሃ እያሽከረከርን ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለን እንውላለን። እኔን ፀሐዩ ያደክመኛል እንጂ ሌላ አያደርገኝም። እሷን ግን ፊቷን ያቀላዋል፣ ይልጠዋል።

ሠላሳ ዓመት ሲሆናት ከጆሮዋ ፊት ለፊት ትንሽ ቁስል ወጣባት። ይደርቃል፣ ይረግፋል፣ መልሶ ይደማል። ቁርአን የሚያስቀራን ፈቂ በእንጨት ሉህ ላይ የቁርአን አንቀጽ ጽፎ፣ ቀለሙን በውሃ አጥቦ አጠጣት። በዓመቱ አንድ መድኃኒት አዋቂ በጋለ ብረት ተኮሳት። ክረምቱን ደህና ከርማ በበጋው ቁስሉ ሰፍቶ ጆሮዋን ያዘ። ጎረቤቶች የሰው ዓይን ነው አሉ። እሷ አልተከራከረቻቸውም።

አንድ ቀን ቤት ውስጥ ገላዋን ስትታጠብ ጠርታኝ ጀርባዋን እንዳይላት ጠየቀችኝ። እንደ ሕፃን ገላ ንጹሕ መሆኑን ነገርኳት። ክንዷና አንገቷ ግን በነጠብጣብና በቅርፊት ተሞልተዋል።

«የሰው ዓይን ቢሆን ልብስ አያግደውም ነበር» አለች። «የበላኝ ፀሐይ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ጎህ ሲቀድ ወርዳ ፀሐይ ሳይበረታ ትመለስ ጀመር፤ ፊቷንም ትሸፍናለች። ቁስሉ ግን አልቆመም።

በዚያው ዓመት እኔ ሴት ልጅ ወለድኩ፤ ቆዳዋ ነጭ፣ ቁርጥ እሷን። እህቴ አቀፈቻት።

«ይህችን ልጅ ወደ ወንዝ አታውርጃት» አለችኝ።

ማሽላው ሳይታጨድ ሞተች። አላለቀስኩም አልልም፤ ግን ሥቃይዋን ስላየሁ እፎይ ማለቴም አልቀረም።

ልጄ ከፍ ስትል የባሌ እናት፣ ወርቅ የማታጥብ ሴት ማን ያገባታል ብላ ተቆጣች። እኔ ግን ልጅቷን ቤት አስቀምጬ የቀርከሃ ቅርጫት መሥራት አስተማርኳት፤ ወደ ገበያ የምትወጣውም ተሸፋፍና ነው። አንዳንዴ ሙቀቱ ሲያስመርራት መሸፈኛዋን ጥላ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ ትመለስና እንጣላለን።

አሁን ልጄ እህቴ በሞተችበት ዕድሜ ላይ ናት። ፊቷ ላይ ቁስል የለም። ባል አግብታ ሁለት ልጆች ወልዳለች፤ ሁለቱም ጥቁሮች ናቸው፣ ወንዝ ይወርዳሉ።