የነገሬ ቡጢና የቅዳሜው እሳት

ነገሬን በመልኩ የማያውቅ የቤቴል ሰው ሞልቷል፤ ቡጢውን ያልሰማ ግን የለም። ያደገው ከከተማው ቆሻሻ መጣያ፣ ከቆሼ ጥግ ነው። እዚያ ቁራጭ ብረት ያገኘ ልጅ ብረቱን ይዞ ቤቱ ለመግባት መጀመሪያ መደባደብ ነበረበት። ነገሬም ደበደበ፣ ተደበደበም። አንድ የፊት ጥርሱ የለም። “ማን አወለቀው?” ሲሉት “ከእኔ የባሰበት” ብሎ ይስቃል።

ካደገ በኋላ ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆነ። ከተሳፋሪ ጋር እየተናነቀ የትም አልደረሰም። አንድ ቀን ግን መኪናቸው ሽርሽር የሚወጡ ወጣቶችን ጭኖ ከከተማው በስተምዕራብ ወዳለው ተራራ ሄደ፤ ነገሬም ጉሬዛ ከጥድ ወደ ጥድ ስትዘል አየና አፉን ከፍቶ ቀረ። ዕድሜ ልኩን ቆሻሻ ሲያይ የኖረ ሰው፣ አይፈረድበትም! በዚያው አስጎብኚ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አየር ጤና ፌርማታ ላይ የከተማውን ልጆች ይሰበስባል፣ ጫካው ውስጥ ድንኳን ተክሎ ያሳድራቸዋል፣ እሁድ ይመልሳቸዋል። የቤት ኪራዩም፣ የሚስቱ ጉሮሮም ከዚያ ነው። ጥዱ ካለቀ ነገሬም አለቀ ማለት ነው። ጉቶ መሀል ድንኳን ለመትከል ማን ይመጣል?

ስለዚህ እዚያ መጥረቢያ ያነሳ ሰው ወዮለት! አንዱን ከነመጥረቢያው ወንዝ ውስጥ ጥሎታል። አንዱን ከሰል አክሳይ በራሱ ከሰል ፊቱን አሽቶታል። የጫካው ጥበቃዎች እንኳ “ኧረ ነገሬ፣ ሰው ትገድልና ትታሰራለህ!” ይሉታል። “ውሻ በበላበት ይጮኻል” ነው መልሱ።

ይህ ሁሉ ጀግንነት ግን አንድ ነገር አላሳየውም። ከጫካው ግርጌ ጫልቱ የምትባል ማገዶ ሻጭ አለች። ቅዳሜ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ለእንግዶቹ እሳት የሚሆን ሁለት እስር እንጨት በሰማያዊ የሸራ ቅዳጅ አስራ ታመጣለታለች። የመጀመሪያው ቀን “ከየት ነው?” ብሏት ነበር። “ወድቆ የደረቀ ነው” አለችው። ከዚያ ወዲያ አልጠየቃትም። የከተማ ልጅ ደግሞ ዙሪያውን ተቀምጦ የሚዘፍንበት እሳት ከሌለ ጫካ ያደረ አይመስለውም፤ በተለይ ሄኒ። ሄኒ በየወሩ ጓደኞቹን እየሰበሰበ የሚያመጣ ደንበኛው ነው፤ እሱን ማስቀየም አይታሰብም።

አንድ ቅዳሜ ድንኳኑን እየተከሉ ሳለ ከቁልቁለቱ በኩል ኳ! ኳ! የሚል ድምፅ መጣ። ነገሬ የያዘውን ካስማ ወርውሮ፣ እሳት ጎርሶ እሳት ለብሶ ሮጠ።

አንድ ትልቅ ጥድ ተጋድሟል፤ ውስጡ ቀይ ነው፣ ገና እርጥብ ነው። አንድ ጎረምሳ ጀርባውን ሰጥቶ ቅርንጫፉን ይመለምላል።

“አንተ ሌባ!” አለ ነገሬ።

ሰውየው ዞር ሲል መጥረቢያውን አብሮ አዞረው። የነገሬ ጆሮ ጫፍ ሄደ። ደሙ አንገቱ ላይ ሲወርድ እንኳ ልብ አላለውም፤ የሰውየውን ሆድ መታ፣ ጎንበስ ሲል አፍንጫውን ደገመው። መጥረቢያው ወደቀ። ሰውየው የነገሬን ክንድ ነክሶ አልለቅ አለ። ተያይዘው እየተንከባለሉ ጉቶው ድረስ ወረዱ። እዚያ ነገሬ እጁን ጠምዝዞ ጉቶው ላይ አጋደመና በጫማው ረገጠው። አጥንቱ ቀጭ አለ። የሰውየውን ጩኸት እግዜር ያሳያችሁ፤ ጉሬዛዎቹ ሳይቀሩ ጸጥ አሉ።

ስልካቸውን ደግነው ከኋላው ሲከተሉት የነበሩት እንግዶች ደረሱ። አጨበጨቡ! “ነገሬ፣ አንደኛ ነህ! ሙሉውን ቀርፀነዋል” አለ ሄኒ። ከዚያ ከጉቶው ኋላ የተቀመጠውን እንጨት በእግሩ ነካ አደረገ። “ይኼንንማ ይዘነው እንሂድ፤ ለማታው እሳት ይሆነናል።”

ነገሬ ወደ እንጨቱ ዞረ። ሁለት እስር ነው፤ ቀድሞ ከተጣለ ጥድ የተፈለጠ። የታሰረው በሰማያዊ የሸራ ቅዳጅ ነው።

በዚያው ቅጽበት ጫልቱ መሸከሚያ ገመዷን ትከሻዋ ላይ ጥላ ብቅ አለች። መሬት ላይ የሚንፈራፈረውን ሰው አየችው።

“ደሜ! ወንድሜን!” ብላ ነገሬን በጥፊ የተቆረጠው ጆሮው ላይ አጮለችው። “በየቅዳሜው የምታነደውን ማን የሚፈልጠው መስሎህ ነው? ወድቆ የደረቀው ካለቀ ስንት ዘመኑ! ጠየቅከኝ? አንድ ቀን እንኳ መልሰህ ጠየቅከኝ?”

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው። ነገሬ ጥፊውን ዋጠ። አፈረ፤ እንዲያ አፍሮ አያውቅም። እጁ እንደተጨበጠ ነው፣ የሚመታው ሰው ግን የለም።

“ታዲያ ዛሬ እሳት የለም?” አለ ሄኒ።

ነገሬ አንገትጌውን ይዞ ከመሬት አነሳው። ባቀመሰው ደስ ባለኝ! ግን ለቀቀው። “የለም! ከዛሬ ጀምሮ የለም! የበረደው ቤቱ ሄዶ ይሙቅ!” ግማሾቹ እየተሳደቡ ድንኳናቸውን ነቀሉ፤ ሄኒ ከፊታቸው። ነገሬ የጫልቱን ወንድም ደሜን በጀርባው አዝሎ ወደ መንገዱ ወረደ።

ዘነበወርቅ ሰፈር የሚያውቃቸው ወጌሻ አሉ፣ ጋሽ ወልደጊዮርጊስ የሚባሉ። የደሜን እጅ ዳሰሱና “ማነው እንዲህ ያደረገው?” አሉ።

“እኔ ነኝ፣ ጋሼ።”

“በል፣ የሰበርከው አንተ ነህና ትከሻውን ያዝ። እንዳይነቃነቅ።”

ደሜ እንዲነክሰው የተሰጠውን ጨርቅ ከአፉ አወጣ። ፊቱ በላብ ርሷል። “እሺ ነገሬ፣ ጫካውን አልነካም። እህቴና ልጆቿ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ምን ይብሉ?”

ነገሬ እስከዛሬ ለሰው ሁሉ የሚመልሰው በቡጢ ነበር። ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ጨርቁን ደሜ አፍ ውስጥ መለሱት። ነገሬ ትከሻውን አጥብቆ ያዘ፣ ሽማግሌውም የተሰበረውን እጅ ሳቡት።