የሉምባኒ አንድ መስመር

ቲያሚኬ በማላዊዋ ብላንታይር ለአንድ የሴቶች ክሊኒክ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ ካደረጉት መካከል ውጤታቸው የሚያሳስበውን ለይቶ «ተመለሱ» የሚል መልእክት በስልካቸው የሚልከው የእሷ ኮድ ነበር። ዝርዝሩን አንድ በአንድ የሚዞር፣ ሠላሳ ምናምን መስመር፣ መልከ ጥፉ ነገር። ግን አንድም ቀን ለግሞ አያውቅም።

ሉምባኒ አለቃ ሆኖ ሲመጣ ሳቀበት። በዕድሜ ልጇ የሚሆን ሰው፣ ያውም በሰው ፊት፣ «እናቴ፣ ይሄ እኮ ሙዚየም ነው የሚገባው» አላት። ከዚያ ያን ሁሉ በአንድ መስመር ተካው፤ አጣራ፣ ስልኩን አውጣ፣ ላክ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተቀጠለ የሚሄድ። ሲያዩት ያምራል፤ ማማሩን እሷም አልካደችም። እንዲህ ያለው አጻጻፍ ግን ጣጣ አለው። ጫፉ ላይ «በል ጀምር» የሚል ትእዛዝ ካልተቀጠለበት ሥራውን ደርድሮ ቁጭ ይላል። ተበላሸሁ ብሎ እንኳ አይናገርም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ መልእክት አልወጣም። የታወቀው አንዲት መምህርት ለሌላ ጉዳይ መጥታ፣ ነርሷ መዝገቧን ስታይ «ምነው ስንጠራሽ ቀረሽ?» ብላ ስትቆጣት ነው። ማን ጠራት?

ቲያሚኬ ኮዱን ከፍታ ጫፉን ስታይ ደሟ ፈላ። ትእዛዙ የለም። ኮምፒውተሯን ተሸክማ ሄዳ ሉምባኒ ፊት አስቀመጠችና ቢሮው ሁሉ እስኪሰማ ወረደችበት። በሴቶች ሕይወት ነው እንዴ የምትራቀቀው፣ አለችው። አንገቱን ደፍቶ ሰማትና ከኮዱ ሥር የተጻፈውን ስም በጣቱ አሳያት። እዚያ ቤት ሁለተኛ ሰው አይቶ ሳያጸድቅ ምንም ነገር ሥራ ላይ አይውልም።

«ያጸደቁት እርስዎ ነዎት» አላት።

እውነቱን ነው። ኮዱ በቀረበላት ቀን ብትጠይቅ አልገባትም እንዳትባል ፈርታ፣ ተናዳም፣ ሳታነብ አጽድቃ ወጥታለች። አሁን ንዴቷ ዞሮ ራሷ ላይ ወደቀ፤ የባሰ አቃጠላት።

ሉምባኒ የጎደለውን ጨምሮ መልእክቱን አሁኑኑ ልልቀቀው ቢላት እንቢ አለች። መልእክቱ ያልደረሳቸውን የአርባ አንድ ሴቶች ስም አውጥታ ስልክ አነሣች። የመጀመሪያዋ ከክሊኒኩ መሆኑንና መመለስ እንዳለባት ስትሰማ መልሳ ጠየቀቻት።

«ካልጠራናችሁ ደኅና ናችሁ ብላችሁን አልነበር እንዴ? እኔማ ድኛለሁ ብዬ ለእናቴ ነግሬአታለሁ።»

ፕሮግራሙ ተበላሽቶ ነው ማለት ይቻል ነበር። ቲያሚኬ ግን «ማየት ሲገባኝ ያላየሁት እኔ ነኝ» አለቻት።